ወታደር ከሲቪል ይበልጥ በኤችአይቪ ይያዛል? በቁጥሮች ዙሪያ የተነሣ ክርክር

የመነሻ ልጥፍ

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የነበረ ክር (ተከታታይ ልጥፎችና ምላሾች) ማጠቃለያ ነው፤ ዓ.ም. ካልተባለ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ጠያቂው ለጤና መኮንን ተማሪዎች የማስተማሪያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ነው። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በ1998 ባወጣው ጽሑፍ ወታደሮች በሰላም ጊዜ እንኳ ከሲቪሉ ከ2 እስከ 5 እጥፍ በአባላዘር በሽታዎች ይያዛሉ መባሉን ጠቅሶ፣ ኤችአይቪም እንደዚያው መሆኑን በሦስት አገሮች ማሳየት ፈልጓል። ሠንጠረዡ እንዲህ ነው። የኢትዮጵያ ጦር በ1999 እና በ2000 ከመለመላቸው 72,000 ገደማ ወንዶች መካከል ከከተማ የመጡት 7.2 በመቶ፣ ከገጠር የመጡት 3.8 በመቶ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። በሰሜን ታይላንድ የ1991 ምልምሎች ከ10 በመቶ በልጠዋል። የአሜሪካ ጦር ምርመራ በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት፣ ከኦክቶበር 1985 እስከ ማርች 1986፣ ከ306,061 አመልካቾች ውስጥ ከ1,000 ሰው 1.5 ያህሉ ተይዘው ተገኝተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ጦር ቤት የትኛው ዕድሜ፣ የትኛው ጾታና የትኛው ማዕረግ ይበልጥ እንደሚጠቃ ይጠይቃል። በመጨረሻ የኢትዮጵያን ሁለት ቁጥሮች ደምሮ ለሁለት አካፍሎ 5.5 በመቶ ብሎ ጽፏል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. መሆናቸውን ግን የትም አላሰፈረም፤ ከታች ለመጣው ጭቅጭቅ ግማሹ ምክንያት ይኸው ነው።

ምላሽ 1

በትሕትና የተጻፈ እርማት። ሁለት አማካዮች ተደምረው ለሁለት የሚካፈሉት ቡድኖቹ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ከምልምሎቹ አብዛኛው ከገጠር ስለመጣ የጠቅላላው ቁጥር ወደ 3.8 ይጠጋል እንጂ መሐል ላይ አይቆምም። ጸሐፊው 5.5ን እንዲሰርዝ፣ ሁለቱንም ቁጥሮች ለየብቻቸው እንዲያስቀምጥ ይመክራል፤ ተማሪ ሊያየው የሚገባው የከተማና የገጠር ልዩነቱን ነውና።

ምላሽ 2

ጥድፊያ ያለበት። 1999ን እንደ ዓመተ ምሕረት አንብቦታል። ስለዚህ በ1997 ዓ.ም. ከተደረገው የሕዝብና ጤና ጥናት ጋር አጋጠመው፤ በዚያ ጥናት የወንዶች ስርጭት በአገር ደረጃ 0.9 በመቶ ነው። 7.2ን ለ0.9 አካፍሎ ጦሩ ከሲቪሉ 8 እጥፍ ተይዟል ሲል ደመደመ፤ ሦስት የቃለ አጋኖ ምልክትም ጨመረበት።

ምላሽ 3

ወንድሜ ብሎ ጀምሮ ሒሳቡን ያፈርሰዋል። የምልመላው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከ1991 እስከ 1992 ዓ.ም. ነው፣ የባድመ ጦርነት ዘመን። ስለዚህ የምልምሎቹ ደም የተመረመረው ከጥናቱ በኋላ ሳይሆን ከአምስት ስድስት ዓመት በፊት ነው። በዚያ ላይ የከተማ ወንድ ከአገሪቱ ወንድ ሁሉ ጋር አይወዳደርም፤ በዚያው ጥናት የከተማ ወንዶች 2.4 በመቶ፣ የገጠር ወንዶች 0.7 በመቶ ነበሩ። ከሁሉም ቀድሞ ግን መታወቅ ያለበት ይላል፣ የሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት የሚደረግ ነው፤ ካምፕ ውስጥ የሚያድር ወታደር፣ እስረኛና የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ተማሪ በናሙናው ውስጥ አይገቡም። በዚህ ቁጥር ውስጥ ጦሩ ከነጭራሹ የለም።

(ለዚህ ምላሽ ምላሽ 2 አመስግኗል። በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነገር አይደለም።)

ምላሽ 4

ክሩን ያዞረው ይህ ነው። ጸሐፊዋ የሥነ ሕዝብ ባለሙያ ትመስላለች፤ ሠንጠረዡን መስመር በመስመር ታነበዋለች። ሦስቱም መስመሮች ላይ ወታደር እንደሌለ ታሳያለች። የኢትዮጵያዎቹ ደማቸው የተወሰደው ሲመለመሉ ነው። የታይላንዶቹ የ21 ዓመት ወጣቶች ሆነው በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ በዕጣ የወጡ ናቸው፤ ቀይ ካርድ የደረሰው ይገባል፣ ጥቁር የደረሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። የአሜሪካኖቹም ገና አመልካች ናቸው፤ ተይዞ የተገኘው ጭራሽ አልገባም። ሦስቱም ቁጥሮች የሚናገሩት የሲቪሉን ወጣት ታሪክ ነው፤ ጦር ቤት ለዚህ ያበረከተው መርፌውንና ብልቃጡን ብቻ ነው።

ቀጥላ ሦስቱ በሮች የተለያየ ሰው እንደሚያስገቡ ታስረዳለች። የታይላንዱ ዕጣ ወደ እውነተኛ የወጣት ወንዶች ናሙና በጣም ይቀርባል፣ ነገር ግን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳሉ የተጠባባቂ ሥልጠና የጨረሱ ከዕጣው ነጻ ስለሆኑ ናሙናው ወደ ገበሬና ወደ ቀን ሠራተኛ ያጋድላል። የኢትዮጵያው በጦርነት ጊዜ የተደረገ ሰፊ ምልመላ በመሆኑ ከሰላም ጊዜው ይልቅ ብዙ ዓይነት ሰው ይዟል፤ ሴት ግን የለበትም። የአሜሪካው በፈቃድ ነው፣ በዚያ ላይ ምርመራ እንዳለ ከታወቀ ወዲህ ራሱን የጠረጠረ ሰው ማመልከት ያቆማል። ስለዚህ የአመልካቾች ቁጥር ከዓመት ዓመት ሲወርድ ወረርሽኙ እየቀነሰ ነው ብሎ ማንበብ አይቻልም።

ምላሽ 5

ሽሙጥ። እንዲህ ከሆነ ስለ ወታደር ምንም ማወቅ አይቻልም ማለት ነዋ፣ ባለሙያ ሁሉ ቁጥር ሲሰጡት መሸሽ ይወዳል ትላለች።

ምላሽ 6

የምላሽ 4 ጸሐፊ ሳትደርስ ሌላ ሰው ለምላሽ 5 መለሰላት። በአገልግሎት ላይ ያለን ሰው ለመለካት ተደጋጋሚ ምርመራ ያስፈልጋል። የአሜሪካ ጦር ከ1986 ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉትን ይመረምራል፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት ደግሞ መደበኛው ልክ በየሁለት ዓመቱ ነው፣ ወደ ውጭ ግዳጅ ከመሄድ በፊትና ሲመለሱም ደም ይወሰዳል። የተረፈው ሴረም (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ ማከማቻ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ሰው ሲገኝበት የመጨረሻው ነጻ ናሙናና የመጀመሪያው የተያዘ ናሙና ቀን ይታያል፤ በሁለቱ መካከል ያለው አጋማሽ የመያዣ ቀን ተደርጎ ይወሰዳል። አካፋዩ የሰው ቁጥር አይደለም፣ ሰው በዓመት ተባዝቶ ነው፤ ግማሽ ዓመት ያገለገለ ግማሽ ተብሎ ይቆጠራል። ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ፦ ነባር ስርጭትን (በአንድ ወቅት ቫይረሱ ያለበትን ሰው ድርሻ) እና አዲስ የመያዝ ፍጥነትን በአንድ ዓምድ ይጽፋሉ። መድኃኒት ሰውን በሕይወት ስላቆየ ነባር ስርጭቱ ሊጨምር ይችላል፣ አዲስ የሚያዘው እየቀነሰም ቢሆን።

ምላሽ 7

ስለ ጾታ። ይህ ጸሐፊ የአሜሪካን አመልካቾች ቁጥር ከፍቶ ያሳያል። በመጀመሪያው የስድስት ወር ጥናት ወንዶች ከ1,000 1.65፣ ሴቶች 0.61 ነበሩ፤ ጥቁር አመልካቾች 3.9 ያህል፣ ነጮች 0.9 ያህል። ዕድሜ ሲጨምርና ሰውየው ሕዝብ ከበዛበት አውራጃ ሲመጣ ቁጥሩ ይወጣል። ነገር ግን እስከ ማርች 1989 የተመረመሩት 1,141,164 በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ አመልካቾች ብቻቸውን ሲታዩ 393 ተይዘው ተገኙ፤ ወንዶቹ ከ1,000 0.35፣ ሴቶቹ 0.32። የጾታው ልዩነት ጠፋ ማለት ይቻላል። ወንዶች ሦስት እጥፍ ይበልጣሉ የሚለው ዓረፍተ ነገር ያለ ዕድሜ ከተጻፈ ግማሽ እውነት ነው ሲል ጠያቂውን ያስጠነቅቃል። የዚህ ክር ምርጥ ምላሽ በእኔ ግምት ይህ ነው፣ ማንም ግን አልወደደውም።

ምላሽ 8

የዕድሜ ማስተካከያ እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተፈጠሩ መሆናቸውን ቀድሞ ይናገራል። ከ25 በታች ያሉት 1 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ያሉት 4 በመቶ ተይዘዋል እንበል፤ በጦሩም በሲቪሉም ልክ እኩል። ከሲቪሉ ወንዶች 40 በመቶው ከ25 በታች ቢሆን ጠቅላላው 0.4 ሲደመር 2.4፣ ማለትም 2.8 በመቶ ይሆናል። አዲስ የተመሠረተ ጦር 80 በመቶው ወጣት ቢሆን 0.8 ሲደመር 0.8፣ ማለትም 1.6 ይሆናል፤ ጦሩ ንጹሕ መሰለ። ነባር ጦር ደግሞ 25 በመቶው ብቻ ወጣት ቢሆን 3.25 ይወጣል፤ አሁን ጦሩ በሽተኛ መሰለ። በሁለቱም ጦር ግን አንድ ወታደር ከእኩያው ሲቪል አልበለጠም፣ አላነሰም። ስለዚህ የጦሩን የዕድሜ ክፍፍል ወስዶ በሲቪሉ የየዕድሜው መጠን ማባዛት፣ የሚጠበቀውን ቁጥር ማውጣት፣ ከዚያ የተገኘውን ለሚጠበቀው ማካፈል ነው። ውጤቱ 1 ከሆነ ልዩነቱ የዕድሜ ብቻ ነበር ማለት ነው።

ምላሽ 9

የማዕረግ ጥያቄው ለዚህ ሰው ደርሶታል። ባለሌላ ማዕረጉ (እንደ አሥር አለቃ ያለው) ከተራው ወታደር በልጦ ሲገኝ ሰዎች ደመወዙን ይወቅሳሉ። ደመወዝ ድርሻ ይኖረዋል፣ ነገር ግን አሥር አለቃ ከተራ ወታደር በዕድሜ ይበልጣል፣ ከቤተሰቡ ርቆ የኖረባቸው ዓመታትም ይበዛሉ። ማዕረግን ከዕድሜ ሳይለዩ ሠንጠረዥ ላይ ማስገባት ያንኑ ነገር ሁለት ጊዜ መቁጠር ነው። መታየት ያለባቸው ሦስት ነገሮች ናቸው ይላል፦ የምደባው ርዝመት፣ ቤተሰብ አብሮ መኖሩና የሥራው ዓይነት። ሾፌርና የስንቅና ትጥቅ ሠራተኛ ከምሽግ ጠባቂ ይልቅ ከተማ ያድራል።

ምላሽ 10

የኢትዮጵያ ወታደር የተገረዘ ስለሆነ ይህ ሁሉ አያስፈልግም የሚል ሰው ገባ።

ምላሽ 11

ከምላሽ 10 በደቂቃዎች ልዩነት የመጣ፣ የተቆጣ ነው። ግርዛት ወንዱ ከሴት የመያዝ ዕድሉን ወደ 60 በመቶ እንደሚቀንስ በደቡብ አፍሪካ፣ በኬንያና በኡጋንዳ የተደረጉት ሦስት ሙከራዎች አሳይተዋል፤ ሴቷን ከወንዱ አይጠብቅም፣ በመርፌ ከሚመጣውም አይከላከልም። የኢትዮጵያ ወንድ ከ90 በመቶ በላይ የተገረዘ ነው፤ እነዚያ 7.2 በመቶ የከተማ ምልምሎችስ ምን ሊሆኑ ነው ብሎ ይጠይቃል። መልስ አላገኘም።

ምላሽ 12

የላብራቶሪ ሰው፣ ረዥም። ሁላችሁም የምታወሩት ምርመራው ትክክል እንደሆነ አድርጋችሁ ነው ብሎ ይጀምርና ሒሳብ ያቀርባል። ከ1,000 ነጻ ሰው 5ቱን በስሕተት ተይዘዋል የሚል፣ የተያዘውን ግን አንድም የማያመልጥ ነጠላ ምርመራ ይታሰብ። ስርጭቱ 7.2 በመቶ በሆነበት ቡድን 100,000 ሰው ቢመረመር 7,200 እውነተኛና 464 ሐሰተኛ ይወጣል፤ ከመቶ 94ቱ ልክ ነው። 0.15 በመቶ በሆኑት የአሜሪካ አመልካቾች ግን 150 እውነተኛና 499 ሐሰተኛ፤ ልክ የሆነው ከመቶ 23 ብቻ። ተመርማሪው ሲለወጥ ዕቃው ሳይለወጥ የውጤቱ ዋጋ ይለወጣል። ለዚህ ነው የአሜሪካ ጦር በአንድ ምርመራ ያልቆመው፦ ኤላይዛ (የመጀመሪያ ማጣሪያ የደም ምርመራ)፣ ሲገኝ የተደገመ ኤላይዛ፣ ከዚያ ዌስተርን ብሎት (ማረጋገጫ ምርመራ)፣ ከዚያ ሌላ ቀን የተወሰደ ሁለተኛ ደም። በዚህ አሠራር ስርጭቱ ዝቅተኛ ከሆነባቸው ቦታዎች የመጡ 135,187 አመልካቾች ተመርምረው አንድ ሐሰተኛ ብቻ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 አንድ ሰው ተይዟል ከመባሉ በፊት ሦስት ተከታታይ ምርመራዎች እንዲስማሙ ለሁሉም አገር የመከረው፣ ሕክምና እየተስፋፋ ሲሄድ ያልታወቀ ተያዥ ስለሚቀንስና ሐሰተኛው በንጽጽር ስለሚበዛ ነው።

ከዚያ በምልመላ ጣቢያ የሚበላሹትን ይዘረዝራል። ኪቱ ከ2 እስከ 30 ዲግሪ መቀመጥ ሲገባው ድንኳን ውስጥ ፀሐይ ይመታዋል። ዲተርሚን የተባለው ፈጣን ኪት ከ15 ደቂቃ በኋላ፣ ከ60 ደቂቃ በፊት መነበብ አለበት፤ ሦስት መቶ ሰው ተሰልፎ ሳለ ምሳ ተበልቶ ሲመለሱ የሚነበበው ደብዛዛ መስመር ዋጋ የለውም። ስም አልባ ብልቃጥ ሌላው ነው፤ ኮዱ ደም ሳይወሰድ በፊት ካርዱ ላይም ብልቃጡ ላይም መለጠፍ አለበት፣ ከኋላ ተሰብስቦ ሲለጠፍ ሁለት ሰው ይለዋወጣል። በመጨረሻም ዊንዶው ፔሬድ (ሰው ተይዞ ምርመራው ገና የማያሳይበት ጊዜ)፦ በጣት ደም የሚሠራ ፈጣን ምርመራ እስከ 90 ቀን ሊያመልጠው ስለሚችል፣ ምልምሉ ሥልጠናው መሐል ካልተደገመለት ሲገባ ይዞት የመጣው ቫይረስ ጦር ቤት የያዘው ተብሎ ይመዘገባል።

ምላሽ 13

አጭር፣ ለምላሽ 12 ምስጋና። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ለብቻ አውጥቶ፣ የጦሩ አዲስ የመያዝ ቁጥር ያለአግባብ የሚያብጥበት መንገድ ይህ ነው ይላል።

ምላሽ 14

እዚህ ላይ ክሩ ተበላሸ። አንድ ሰው በ2016 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብና ጤና ጥናት ጋምቤላ 4.8 በመቶ መሆኑን ጠቅሶ ምልመላ በክልልና በብሔር ይጣራ አለ።

ምላሽ 15

ከእስራኤል የሚጽፍ ቤተ እስራኤላዊ፣ ስለታም ነው። በቡድን ደረጃ የተገኘ ቁጥር የአንድን ሰው ደም አይተካም ይላል። ምሳሌውም የታወቀ ነው፦ ከኢትዮጵያ የመጡ አይሁድ የለገሱት ደም ሳይነገራቸው እንደሚጣል በጃንዋሪ 1996 በጋዜጣ ሲጋለጥ ኢየሩሳሌም ላይ ከባድ ተቃውሞ ተነሣ። ለጋሹ ውስጥ ወታደሩም ነበረ። ምርመራ እያለ ዘርን መመርመሪያ ማድረግ ስንፍና ነው፤ በዚያ ላይ ሳይንሱንም ያበላሻል፣ ምክንያቱም ከዚያ ቡድን ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን ነግሮህ ደሙን የሚሰጥ አታገኝም።

ምላሽ 16

አወያዩ ገብቶ ምላሽ 14ን ዘጋ። አያይዞም የትኛውም ክፍለ ጦር ወይም ካምፕ ስም ከቁጥር ጋር እንዳይጻፍ ከለከለ። ትንሽ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ቢገኝ ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በአንድ ሣጥን ውስጥ ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር ሲመጣ ከጎረቤቱ ጋር መቀላቀል አለበት።

ምላሽ 17

ከአሜሪካ። የእውነት መናገርን ነገር ከምላሽ 15 ይቀበላል። በ1980ዎቹ ተይዘው የተገኙ የአሜሪካ ወታደሮች ለወታደር ሐኪም ሲጠየቁ ብዙዎቹ ከሴተኛ አዳሪ ነው ይሉ ነበር። ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ላይ የሲቪል ጤና ሠራተኞች ሲያነጋግሯቸው ግን ሌላ መልስ ሰጡ፤ ከወንድ ጋር መተኛት ከሥራ ያስባርር ስለነበር ለአለቃው የሚናገር የለም። ጉዳዩ በ1987 በሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ስለዚህ በወታደር ሐኪም የተሞላ ቅጽ ላይ የመተላለፊያ መንገድ የሚለውን ዓምድ እንዳታምኑት፣ ጠያቂውም ለተማሪዎቹ ይህንኑ እንዲነግር ይመክራል። ማባረርን በተመለከተም፦ የአሜሪካ ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 1996 የተያዙትን ሁሉ የሚያሰናብት ሕግ አውጥቶ በኤፕሪል ሻረው፤ የፕሪቶሪያ ፍርድ ቤት በሜይ 2008 የደቡብ አፍሪካን ጦር ቅጥር ክልከላ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አለ፤ በጁን 2022 የአሜሪካ መከላከያ፣ ምልክት የሌለውና ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ወታደር በዚህ ብቻ ከግዳጅ እንዳይከለከል አዘዘ።

ምላሽ 18

ከርዕስ ወጣ፣ ግን ጠቃሚ ነው። ጦሩ ያከፋፈለው ኮንዶም ቁጥር መከላከልን አይለካም ይላል። አንዱ ትንሽ ሣጥን 144 ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ የጠመንጃ አፈሙዝ ከአቧራ ለመሸፈን የሚሄድም አለ። መኪና ኮፈን ውስጥ የከረመ ላቴክስ ይደርቃል፣ በቫዝሊን የተቀባ ደግሞ ይቀደዳል። መለኪያው አጠቃቀሙ ነው። ታይላንድ ሴተኛ አዳሪ ቤቶችን ሁሉ ያለ ኮንዶም አገልግሎት እንዳይሰጡ ካደረገች በኋላ፣ በሰሜኑ ምልምሎች ከ1991 እስከ 1995 ባለፈው ዓመት ወደ ሴተኛ አዳሪ የሄዱት ከ57.1 ወደ 23.8 በመቶ ወረዱ፤ በመጨረሻው ጊዜ ኮንዶም የተጠቀሙት ከ61 ወደ 92.5 በመቶ ወጡ፤ ስርጭቱም በ1995 ወደ 6.7 በመቶ ወረደ። ፖሊሲው የተሠራው ሲቪሉ ላይ ነው፣ ለውጡ የታየው ጦር በር ላይ።

ምላሽ 19

ምላሽ 5 ተመልሳ መጣች፣ አሁን ረጋ ብላ። በጦር ካምፕ ጤና ጣቢያ ኮንዶም ተቀደደብኝ ብሎ ለሚመጣ ወታደር ምን ይደረግ ብላ ጠየቀች።

ምላሽ 20

የላብራቶሪው ሰው መለሰላት። ከ72 ሰዓት በፊት ከደረሰ መድኃኒቱ ይጀመርለታል፣ በቶሎ በጀመረ መጠን የተሻለ ነው። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ እንክብል፣ በቀን አንድ፣ 28 ቀን ሳይቋረጥ። መጀመሪያ ምርመራ ይደረግለታል፣ ውጤቱ እስኪመጣ ግን የመጀመሪያው እንክብል አይዘገይም። 28ቱ እንክብል አንድ ላይ ተቆጥሮ ይሰጠው፤ በሰባት ቀን ተመለስ የተባለ ወታደር በአምስተኛው ቀን ሌላ ምድብ ይላካል።

ጠያቂው ሠንጠረዡን ለውጦ ለጥፏል፤ የዓምዱ ርዕስ አሁን የምልምሎችና የአመልካቾች ስርጭት ይላል፣ የእጥፉን ነገርም አውጥቶታል። 5.5 ግን ከግርጌ አሁንም አለች።